ሰልዋ ያሰረችው ገመድ

ነገሩን ማለባበስ ምን ያደርጋል? ሰልዋ በገዛ ወንድሟ ትቀናለች። ቅናት ጨዋ ዓይነትም አለው፤ የጎረቤትን አዲስ መጋረጃ አይቶ "ውይ ሲያምር!" ብሎ የሚያልፍ። የሰልዋ እንደዚያ አይደለም። የሷ ጠዋት አብሯት ተነስቶ፣ አብሯት ፊቱን ታጥቦ፣ የቀጨኔን ዳገት አብሯት ወጥቶ ሱቅ ድረስ የሚያደርሳት ነው።

ሱቁ የአባቷ የጋሽ ሸፊ ነው። ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ ታክሲ ተራው ጋ ሳይደረስ የምትገኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። በአንድ ጎን ኮፒ ማሽን፣ በሌላው ጎን የደብተርና የእስክሪብቶ መደርደሪያ፣ መሐል ላይ ደግሞ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር። መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርግ፣ ማመልከቻ የሚያስተይብ፣ ፍላሽ የሚያስጭን የሰፈር ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚመጣው። ሰልዋ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰች በሳምንቱ ነው። "ለጊዜው እዚህ ቆዪ" ተብላ። ያ ለጊዜው እነሆ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ማንም ሳያስተምራት መተየብ ቻለች፤ ማንም ሳያሳያት ዊንዶውስ መጫን ቻለች፤ በኋላማ ኮምፒውተሩ ማጉረምረም ሲጀምር ገና ከድምፁ ምኑን እንዳመመው ትናገር ጀመር። በየዓመቱ ከረመዳን በፊት ሆዱን ከፍታ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠርጋ፣ ገመዱን አስተካክላ ትዘጋዋለች። አንድም ሰው አዝዟት አያውቅም።

እና ምን አተረፈች? ደንበኛ ሲመጣ ጋሽ ሸፊ "ልጅቷ ትሠራልሃለች" ይላሉ። ልጅቷ! ስም እንደሌላት። እጇ አመድ አፋሽ ነው።

ኢምራን በአራት ዓመት ያንሳታል። አንድ የግል ኮሌጅ ገብቶ ሁለት ዓመት የኮምፒውተር ጥገና ተማረና ሰርተፍኬት ይዞ መጣ። ጋሽ ሸፊ ሰርተፍኬቱን በመስታወት አስገጥመው ከኮፒ ማሽኑ በላይ ሰቀሉት። ሰልዋ አንድ መታወቂያ ኮፒ ባደረገች ቁጥር የወንድሟ ስም ዓይኗ ውስጥ ይገባል። አቧራ ጥረጊለት ስትባል ትጠርጋለች፤ ግን ጠርዙን ብቻ።

የሚያቃጥለው ደግሞ ኢምራን ክፉ አለመሆኑ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በተገላገለች! ጠልታው ታርፍ ነበር። ልጁ ግን "ሰሉ" እያለ ነው የሚጠራት። ከመንገድ ትኩስ ሳምቡሳ ገዝቶ ሲመጣ ትልቁን ለሷ ይሰጣታል። ሲስቅ ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አብሮት ይስቃል፤ እሷም ሳታስበው ፈገግ ትልና ወዲያው በራሷ ትናደዳለች።

ይህ ሁሉ እንኳ ሆድ ውስጥ ተይዞ በኖረ ነበር፤ የሱቁ ቁልፍ ነገር ባይመጣ። ጋሽ ሸፊን ጉልበታቸው ዳገቱን እምቢ አላቸው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሁለቱን ልጆች እያዩ፦

"ከረመዳን በኋላ እኔ ቤቴ ነው የምቀመጠው" አሉ። "ሱቁን ከሁለታችሁ ላንዳችሁ አስረክባለሁ። አዛዡ አንድ ይሁን፤ ሁለታችሁም ካዘዛችሁ ደንበኛው መሐል ላይ ግራ ይገባዋል።"

ለማን እንደሆነ አልተናገሩም። ሰልዋ ከዚያች ቀን ጀምሮ ምግብ አልዋጥ አላት። ቁልፉ ለኢምራን ከተሰጠ እሷ እስክታረጅ በወንድሟ ሱቅ ውስጥ "ልጅቷ" ሆና መቅረቷ ነው።

ታዲያ ጋሽ ሸፊ አንድ ልማድ አላቸው። በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ፍላሽ ይዞ ለመጣ ሁሉ ቁርኣን በነፃ ይጭናሉ። ሰደቃ ነው፤ ሳንቲም አይቀበሉም። የታክሲ ሾፌሩ ለመኪናው፣ ባለሱቁ ለሬዲዮው፣ እናቶች ለትንንሽ ስፒከራቸው ያስጭናሉ። ፍላሹ ሁሉ በፕላስተር ላይ ስም ተጽፎበት አንድ ሳፋ ውስጥ ይጠራቀማል። ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው። የፊቶቹ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ከሞቱ ቆዩ፤ ከኋላ ካሉት አራቱ ሁለቱን ኪቦርዱና ማውሱ ይዘዋቸዋል። ስለዚህ ሁለት ሁለት እያሉ መጫን ነው፤ የሰዉ ሰልፍ አስፋልት ድረስ ይወጣል።

ሰልዋ መፍትሔውን ካገኘችው ሁለት ዓመት አልፏል። "አባዬ፣ ተጨማሪ የዩኤስቢ ካርድ የሚባል አለ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገጠምና አራት ቀዳዳ ይጨምርልናል" ብላ በስልኳ ፎቶውን አሳይታቸው ነበር። "እስከ ዛሬ ያለሱ ሠርተን የለ!" ብለው ስልኩን መለሱላት። ባለፈው ወር ኢምራን ያንኑ ነገር ምሳ ላይ ጣል አደረገ። አንዴ! እጁን እየታጠበ!

"ወላሂ ልጄ፣ ጥሩ አሰብክ" አሉት አባቱ። በማግስቱ መርካቶ ወርደው ገዙት። በማግስቱ! እናቷ ዘይነብ እንኳ እዚያው ቁጭ ብለው "ሰልዋም እኮ ብላው ነበር" የምትል አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ሰልዋ ጥርሷን ነክሳ ሳህኑን ሰበሰበች።

ካርዱ የተገጠመው ግን ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት ነው። "ኢምራን ይግጠመው፤ የተማረው ለዚህ አይደል" አሉ ጋሽ ሸፊ፤ ወንበራቸውን አስጠግተውም ሊያዩ ተቀመጡ። ኢምራን ኮምፒውተሩን አጠፋ፤ ገመዱን ሁሉ ነቃቅሎ ጠረጴዛው ላይ በጎኑ አስተኛው። በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈትቶ ሽፋኑን አነሳ። ከዚያ እጁን ብረቱ ላይ አሳረፈና "ሰውነታችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው ነው" ብሎ ለአባቱ አስረዳ። ጋሽ ሸፊ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሐኪም ፊት የተቀመጡ ይመስላሉ። ሰልዋ ኮፒ ማሽኑ ጋ ቆማ የማንንም መታወቂያ ኮፒ እያደረገች አልነበረም፤ ባዶ ወረቀት ነበር የምታስገባው። እሷም እኮ በየዓመቱ ብረቱን ነክታ ነው የምትጀምረው! ማን አየላት?

ልጁ አሠራሩ ጥሩ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከኋላ ያለችውን ስስ ቆርቆሮ አወለቀ፣ ካርዱን በአጭሩ ማስገቢያ ላይ አስተካክሎ ቀጥ አድርጎ ተጫነው፣ ቀጭ ሲል በብሎን አሰረው። ከዚያ ግን እጁ ቆመ። ካርዱ ጠርዝ ላይ አንዲት ነጭ መሰኪያ አለች። ብዙ ፍላሽ አንድ ላይ ሲሰካ ካርዱ ከተሰካበት ማዘርቦርድ የሚያገኘው ኃይል አይበቃውም፤ ከኃይል ማከፋፈያው ሳጥን በቀጥታ በገመድ መውሰድ አለበት። ኢምራን መሰኪያዋን አያት። ትርፍ ገመድ ፈለገ። የለም።

ገመዱ ግን ነበር። ካቻምና ፋኑን እየነካ ቢያስቸግራት ሰልዋ ራሷ አጣጥፋ፣ ከሀርድ ዲስኩ ጀርባ በክር አስራዋለች። የሚያውቅ ካልሆነ በቀር ማንም አያየውም።

"ሰሉ" አላት ኢምራን ቀና ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እዚህ ውስጥ ትርፍ የፓወር ገመድ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አፏ ተከፈተ። እውነቱን ለመናገር ልትነግረው ነበር። ጋሽ ሸፊ ግን ቀደሟት።

"እሷ ምን ታውቃለች? አንተ አይደለህ የተማርከው፣ ፈልገው እንጂ!"

የሰልዋ ደም ፈላ። ዘጠኝ ዓመት! የዘጠኝ ዓመት ሥራዋ በአንዲት "ምን ታውቃለች" ተጠርጎ ደጅ ወጣ።

"እውነታቸውን ነው" አለች፣ ፊቷን ወደ ኮፒ ማሽኑ አዙራ። "እኔ ምን አውቃለሁ።"

ኢምራን ትንሽ አመነታ። "እ... አንዳንዱ ካርድ ያለሱም ይሠራል፤ እስቲ እንየው" አለና ሽፋኑን ገጠመ። ከካርዱ ጋር ሲዲ ቢመጣም ኮምፒውተሩ የሲዲ ማስገቢያ ስላልነበረው፣ ካርዱን የሚያሠራውን ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም በስልኩ አውርዶ ወደ ኮምፒውተሩ አሻገረው፤ ጫነው፤ አጥፍቶ አበራው። ኮምፒውተሩ ካርዱን አወቀው። ኃይል ለመቆጠብ ብሎ ካርዱን በመሐል እንዳያጠፋውም ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ አስተካከለ። አንድ ፍላሽ ሰካ፤ ተከፈተ።

"ማሻአላህ!" አሉ ጋሽ ሸፊ፤ ብድግ ብለውም ከጎን ፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጡትን ጎረቤታቸውን ጋሽ አብራርን ጠሯቸው። "ና እስቲ የልጄን ሥራ እይ!" ጋሽ አብራርም መጥተው ከኋላ የተጨመሩትን አራት ቀዳዳዎች ጎንበስ ብለው አዩና የኢምራንን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። ሰልዋ ዓይኗን ወዴት እንደምታደርገው ቸገራት። አንድ ፍላሽማ ይሠራል፣ አለች በልቧ። ነገ አራት ስትሰካበት እናያለን።

ማታውን አስባበታለች፤ አላሰብኩም ብትል ዋሸች። "ልንገረው ይሆን?" የሚል ነገር አንድ ሁለቴ መጥቶባት ነበር። እራት ላይ ግን ጋሽ ሸፊ ለዘይነብ "ዛሬ ኢምራን ምን እንደሠራ ብታዪ" ብለው ከቆርቆሮው ጀምረው ሲተርኩ፣ ልንገረው የሚለው ሐሳብ እዚያው ወጡ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁ በሰው ተሞላ። ሳፋው ውስጥ አርባ የሚሆን ፍላሽ አለ። ኢምራን የሰልዋ ወንበር ላይ፣ ከቤት አምጥታ ያነጠፈችው ትራስ ላይ ተቀመጠ። እሷ በር ላይ ስም ጸሐፊ ሆነች። እሱ ቢስሚላህ ብሎ አራቱን ቀዳዳ በአራት ፍላሽ ሞላው፤ የጋሽ አብራር ፍላሽ አንዷ ነበረች። "ፍላሼ ላይ ቦታ አለ፤ የቆየውን እንዳትነካብኝ" ብለውታል። አምስት ዓመት ሙሉ በስልካቸው የቀዱት የሰፈሩ መስጊድ ትምህርት ያለው እሷ ላይ ነው።

መጫኑ ተጀመረ። አንድ ደቂቃ ሄደ፣ ሁለት ደቂቃ ሄደ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጢው አለና አራቱም ፍላሾች ከስክሪኑ ላይ ጠፉ። ኢምራን ነቅሎ ሰካቸው። መጡ። እንደገና ጠፉ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ግንባሩ ላይ ላብ ቸፈፍ አለ። ሰዉ መንጫጫት ጀመረ፦ "ኧረ ሥራ አለን!" "ድሮ በሁለቱ ይሻል ነበር እኮ!" በመጨረሻ የጋሽ አብራር ፍላሽ ስትመለስ ኮምፒውተሩ "ፎርማት ይደረግ?" ብሎ ጠየቀ። ውስጧ ምንም አይታይም።

"ባዶ ናት?" አሉ ጋሽ አብራር።

ኢምራን ፍላሿን ነቅሎ እንደገና ሰካት። ጋሽ ሸፊ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ፈነዱ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትማር ከረምክ? ግድግዳ ላይ የምትሰቀል ወረቀት ብቻ ነው ያመጣኸው? አዋረድከኝ እኮ!"

ሰልዋ ደስ አላት። ወላሂ ደስ አላት! ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ሞቃት። ኢምራን አንዴ ዓይኑን ወደሷ ወርወር አደረገ፤ እንደ ትናንቱ ሊጠይቃት የፈለገ ይመስል ነበር፤ ግን አቀረቀረ።

"ሰልዋ!" አሉ ጋሽ ሸፊ። በስሟ! በሰው ፊት! "ነይ እስቲ እዪው፤ ነይ።"

መጣች። ኮምፒውተሩን አጠፋች፣ ሽፋኑን ፈታች። መሳቢያውን ከፍታ መቀስ አወጣች። ከዚያ ዓይኗ እንኳ ሳያይ እጇን ሀርድ ዲስኩ ጀርባ ሰዳ ክሩን ቆረጠች፣ ገመዱን ስባ አመጣችና ነጯ መሰኪያ ላይ ሰካችው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አራት ፍላሽ አንድ ላይ ሰካችና ወደ ኋላ አለች። መጫን ጀመረ፤ አላቋረጠም፤ አለቀ። ሌላ አራት፣ ሌላ አራት።

"ለካ ባለሙያዋ እዚህ ተደብቃ ነው!" አለ አንድ ሾፌር። "ማሻአላህ፣ እጇ ይባረክ!" አሉ አንዲት እናት። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ይህንን ነው። ሰልዋ አባቷ እንዴት እንደኮሩ ልታይ ዞር አለች። ጋሽ ሸፊ ግን ሰዉንም ኮምፒውተሩንም አያዩም ነበር። ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን የተቆረጠ ክር ነበር የሚያዩት። ከዚያ ቀና ብለው እሷን አዩ፤ ቶሎም ዓይናቸውን መለሱ።

ኢምራን የጋሽ አብራርን ፍላሽ በሁለት እጁ ይዞ ቀረበ። "ጋሽ አብራር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም አለ፤ የቻልኩትን ያህል እመልስልዎታለሁ። አውፍ ይበሉኝ።"

"ተወው ልጄ፣ ሆን ብለህ አላደረግከው" አሉት ጋሽ አብራር።

እውነቱ የሰልዋ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ "ጋሽ አብራር፣ ገመዱን እኔ አውቅ ነበር" ማለት ብቻ። አልወጣላትም። ይባስ ብሎ ኢምራን ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ ሲቆም እንኳ እንዴት እንዳማረበት አየችና በዚህም ቀናችበት።

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሱቁ ጭር አለ። ኢምራን ፋይሉን ሊፈልግ ጋሽ አብራር ሱቅ ሄዷል። ጋሽ ሸፊ ከመስጊድ ተመለሱና ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"መቼ ነው ያሰርሽው?" አሏት።

"ምኑን አባዬ?"

"ገመዱን።"

"ካቻምና። ፋኑን እየነካ አስቸግሮኝ።"

"ትናንት ሲጠይቅሽ ሰምቻለሁ። እኔም ምን እንዳልኩሽ አልረሳሁትም። ያ የኔ ጥፋት ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አንቺም ይቅር በይኝ።" ወንበራቸውን ወደሷ አዞሩ። "ያንቺ ደግሞ ያንቺ ነው።"

ሰልዋ ቁጣውን ጠበቀች። መልሷም ተዘጋጅቷል፤ ካርዱን ቀድማ ያሰበችው እሷ መሆኗን፣ ዘጠኝ ዓመቱን፣ ልጅቷ መባሏን፣ የምሳውን ቀን፣ አንድ በአንድ ልታወርደው ነበር። ጋሽ ሸፊ ግን አልተቆጡም። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቁልፉን አወጡና ኪቦርዱ ላይ አስቀመጡላት።

"ይሄን ሥራ የምትችዪው አንቺ ነሽ። ዛሬ አይደለም ያወቅኩት፤ ሳልናገረው ነው የኖርኩት። ሱቁ ያንቺ ነው። ረመዳን እስኪያልፍም አልጠብቅም።"

"ኢምራንስ?" አለች፤ ለምን እንደጠየቀች እሷም አላወቀችውም።

"ኢምራን እዚህ አይሠራም። አራት ኪሎ ጥገና ቤት ያለው ወዳጅ አለኝ፤ እሱ ጋ አስገባዋለሁ።" ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሱ። "ልጄን፣ ሲወድቅ ቆሞ ከሚያይ ሰው ጋር አልተወውም።"

በር ላይ ቆመው "ኢምራን! ና ቤት አድርሰኝ" ብለው ተጣሩ። ልጁ እየሮጠ መጣ። "ሰሉ፣ ግማሹን አገኘሁት እኮ! የቀረውን ከሰዓት እቀጥላለሁ" አላት፣ ፊቱ በርቶ። ከዚያ ክንዱን ለአባቱ ሰጠ።

ሰልዋ ቁልፉን አነሳችው። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም አፈረች። እስከ በሩ ወጥታ አየቻቸው። ጋሽ ሸፊ በኢምራን ትከሻ ላይ ተደግፈው ዳገቱን ቀስ እያሉ ይወጣሉ፤ ልጁ አንድ ነገር ነገራቸውና ሳቁ። እነሱ እስኪታጠፉ ድረስ ቁልፉን በእጇ ጨብጣ ቆመች፤ ቅናቱ አሁንም አብሯት ነበር።